በቃል ያለ ይረሳል፦ ምሥራቅ ጎጃም ለትምህርት እንዴት ይናዘዝ ነበር?

የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች በ10ኛ ወይም በ20ኛ ዓመታቸው ሲሰባሰቡ የሚሆነው ይታወቃል። ገንዘብ ይዋጣል፣ ጥቂት ኮምፒውተርና መጻሕፍት ይገዛሉ፣ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ፎቶ ይነሣል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ በአምስት ዓመት ያረጃል፤ ስጦታውም አብሮት ያረጃል።

ሌላ ዓይነት ስጦታ አለ። ሰጪው በሕይወት ሳለ አስቦበት፣ ጽፎና አስመስክሮ የሚያስቀምጠው፣ ዋናው ሳይነካ ፍሬው ብቻ እየተበላ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ስጦታ ነው። የውጭዎቹ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የቆሙት በዚህ ነው። ጉዳዩ በእኛ አገር ሲነሣ ብዙ ሰው «ይሄ የፈረንጅ ባህል ነው፣ ለእኛ አይሆንም» ይላል። የምሥራቅ ጎጃም ታሪክ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ከሞጣ እስከ ብቸና፣ ከመርጡለ ማርያም እስከ ዲማ፣ ትምህርት ለዘመናት የኖረው በጽሑፍ በሰፈረ፣ እማኝ በቆመለት ስጦታ ነው። መጠየቅ ያለበት ባህሉ ለምን ተቋረጠ፣ እንደገና ቢጀመርስ ምን መልክ ይኑረው የሚለው ነው።

▪️ የሞጣው መዝገብ

ሞጣ ጊዮርጊስን የተከሉት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፤ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ የጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ባለቤት፣ የራስ ኃይሉ እናት። ዘመኑ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ደብር መትከል ማለት ሕንፃ ማቆም ብቻ አልነበረም። መሬት ይመደባል፤ መሬቱም ለአለቃው፣ ለመሪጌታው፣ ለካህናቱና ለደብተሮቹ ይከፋፈላል። እንዲህ ያለው መሬት ሪም ይባል ነበር። ሪም የያዘ ሰው በምላሹ ያገለግላል፦ ይቀድሳል፣ ይዘምራል፣ ደቀ መዝሙር ያስተምራል።

የሪም ብልሃት እዚህ ላይ ነው። መሬቱ ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ በስጦታ ይተላለፋል፤ አገልግሎቱ ግን ከመሬቱ አይነጠልም። ሴት ወይም ጨዋ ሰው ሪም ቢይዝ በራሱ ወጪ የሚያገለግል ሰው ማቆም ነበረበት። ባለይዞታው ይለዋወጣል፣ ግዴታው ይቆያል። ዛሬ በውጭ አገር ጠበቆች ብዙ ገጽ ጽፈው የሚያቆሙትን ነገር የሞጣ ደብተራዎች በአንድ ቃል ጠርተውታል።

ደግሞ በቃል ብቻ አልተዉትም። ሽያጩ፣ ስጦታውና ውርሱ በደብሩ መዝገብ ይጻፍ ነበር። ሰጪው ማን እንደሆነ፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነ፣ ማን ዋስ እንደሆነ፣ እነማን እማኝ ሆነው እንደቆሙ በስም ሰፍሯል። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው በሞጣና በጎረቤት አድባራት ያሉትን እነዚህን ጽሑፎች መርምረዋል። በጥናታቸው ከታዩት ነገሮች አንዱ ሴቶች በንብረት ባለቤትነት ደጋግመው መገኘታቸው ነው። ደብሩን የተከሉት ሴት ነበሩ፤ በመዝገቡም ሴቶች በስማቸው ሲሸጡ፣ ሲገዙና ሲያወርሱ ይታያሉ።

ወለተ እስራኤል የመጀመሪያዋ አልነበሩም። ከእሳቸው ከ200 ዓመት በላይ ቀድመው እቴጌ እሌኒ መርጡለ ማርያምን አሳንጸው መሬት መድበውላታል። በምሥራቅ ጎጃም ለትምህርትና ለአገልግሎት ቋሚ ሀብት መተው የሴቶች እጅ ያለበት የቆየ ልማድ ነው።

▪️ ሊቁ ምን ይመልስ ነበር?

መሳፍንቱና እመቤቶቹ መሬት ነበራቸው። ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ደብረ ወርቅ ተምሮ የወጣው፣ ቁራሽ ለምኖ ያደገው የቆሎ ተማሪስ ምን ነበረው?

ሦስት ነገር ነበረው። አንደኛው ራሱ ነው። ቅኔ የተመረቀ ሰው ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። መምህሩ ክፍያ አልተቀበሉትም፤ እንጨት ሰብሮ፣ ውኃ ቀድቶ ተማረ፤ እሱም በተራው ያለ ክፍያ ያስተምራል። የጎጃም የቅኔ ቤቶች ሰንሰለት ሳይበጠስ ለዘመናት የቆየው በዚህ ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ ነው። ብራና በእጅ በሚጻፍበት ዘመን አንድ መጽሐፍ የብዙ ወር ድካምና የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ነበር። ሊቁ መጽሐፉን ለተማረበት ደብር ይሰጣል፤ በባዶው ቅጠል ላይ ስሙ ይጻፋል፤ መጽሐፉን የሰረቀውም ሆነ ስሙን የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ይጻፍበታል። ፖሊስና ጠበቃ በሌለበት ቦታ ውግዘቱ የስጦታው ጠባቂ ነበር። ሰጪው ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላም ተማሪው መጽሐፉን ሲገልጥ የሰጪውን ስም ያነባል።

ሦስተኛው ምስክርነት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። በኋላ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆኑ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ያን የትምህርት ዓለም ከነክብሩም ከነጉድለቱም ለመላው አገር አስተዋወቀው። ለተማሩበት አገር የተዉት ይህን ነው። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ተቋም በስማቸው ይጠራል።

▪️ ከፋዩ ማን ነበር?

ይህን ታሪክ በናፍቆት ብቻ መተረክ ግን ሐሰት ይሆናል። ሪም በራሱ አያርስም። ሀብተማርያም ወይም ሀብታሙ ተብሎ በመዝገቡ ያልሰፈረ፣ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ነበር የሚያርሰው። ታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ ስለ ምሥራቅ ጎጃም የመሬት ሥሪት ባሳተሙት ጥናት ይህን ሰው በስሙ ጠርተውታል፤ ዜጋ ይባል ነበር። ዛሬ «ዜጋ» የሙሉ መብት ባለቤት ማለት ነው። ያኔ በምሥራቅ ጎጃም መሬት የሌለው፣ በጌታው ይዞታ ላይ የሚኖር፣ በጉልበቱ የሚያገለግል ሰው ማለት ነበር። የሊቃውንቱ ቀለብ የወጣው ከዚህ ሰው ትከሻ ነው።

ሁለተኛው ያልተመዘገበ ለጋስ የመንደሩ ሰው ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጃፍ ለቆመ ተማሪ ከጓዳዋ ቁራሽ ያወጣች እናት በየትኛውም መዝገብ የለችም። የጎጃም ሊቅ ሁሉ ግን የእሷን እንጀራ በልቷል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም ይኸው ሆነ። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ታወጀ፤ የተጣለውም በእርሻ መሬት ላይ ነበር። በአገሪቱ ያለው ገበሬ ልጁ ሊገባበት የሚችል ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ሳይኖር የትምህርት ግብር ከፋይ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም የጎጃም ገበሬ ሲነሣ ሞጣና ብቸና ከአመፁ ዋና ቦታዎች ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ርስቴን ይነጥቁኛል የሚል ሥጋት ዋናው ነበር። ግን ከፍሎ ያልተመለሰለት ሰው ቁጣም አለበት።

▪️ ቤተ መንግሥቱ የተሰጠበት ቀን

የመጀመሪያው የአገሪቱ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ወደ ሙሉ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው ደግሞ በስጦታ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ የታገቱት ሚኒስትሮችና መኳንንት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተረሸኑ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ያንኑ ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ተመረቀ።

ከዚህ ስጦታ አንድ ትምህርት ይገኛል። ሰጪው በ1967 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አረፉ፤ ዘውዱ ወደቀ፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ተቀየረ። ቤተ መንግሥቱ ግን ዛሬም የተማሪ ነው፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ ያሉት እዚያው ነው። በግልጽ ለትምህርት የተሰጠ ነገር ከመንግሥት ለውጥ ሊተርፍ ይችላል።

ተማሪዎቹም በዘመናቸው የመመለሻ መንገድ ነበራቸው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲሠራ ያደርግ ነበር፤ አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። የቅኔ ቤቱ «ተምረህ አስተምር» በሌላ ልብስ መጣ ማለት ይቻላል። አብዮቱ ሲመጣ ይህም ቀረ።

▪️ ሰንሰለቱ የተበጠሰበት ዓመት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። የመጀመሪያው አዋጅ ለጭሰኛውና ለዜጋው ዘር ነጻነት ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። በሌላ በኩል ግን ሁለቱ አዋጆች አንድ ላይ ሆነው ለትምህርት ቋሚ ሀብት የመተውን መንገድ ዘጉ። ሪም ቀረ፤ የመሪጌታው ድርሻ ቀረ። የኪራይ ቤት ለትምህርት ቤት ልተው የሚል የከተማ ሰውም የሚተወው ቤት አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ያደገው ትውልድ አንድ ነገር ለመደ፤ ትምህርት የመንግሥት ነው፤ ወጪውም የመንግሥት ነው። ለብዙ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ምግቡም መኝታውም በነጻ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የወጪ መጋራት መጣ፤ ተመራቂው ከደመወዙ እየተቆረጠ የወጪውን ከፊል ይመልሳል። «ዕዳዬን ከፍያለሁ» የሚል ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የወጪ መጋራት ግን የመንግሥትን ሒሳብ ነው የሚዘጋው። የትምህርት ግብር የከፈለው ገበሬና ቁራሽ ያወጣችው እናት ሒሳብ በዚያ ውል ውስጥ የለም።

▪️ ሁለት አማኑኤሎች

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ አማኑኤል አለች፤ የማቻክል ወረዳ ከተማ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ በአራት ዓመት፣ በአምስት ዓመት ተመርቆ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ይሄዳል። በእንግሊዝ ካምብሪጅም እ.ኤ.አ. በ1584 የተመሠረተ አማኑኤል የሚባል ኮሌጅ አለ። ከዚያ ኮሌጅ የተመረቀ ጆን ሃርቫርድ የሚባል ወጣት ቄስ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1638 ታምሞ ሞተ። ልጅ አልነበረውም። ሲሞት የሀብቱን ግማሽና ወደ 400 የሚሆኑ መጻሕፍቱን በአካባቢው ለሚጀመር ትምህርት ቤት ተናዘዘ። ትምህርት ቤቱ በስሙ ተጠራ። መጻሕፍቱ እ.ኤ.አ. በ1764 በተነሣ እሳት ጥቂት ሲቀር ጠፍተዋል፤ ስሙና ተቋሙ ግን አሉ።

የሃርቫርድ ኑዛዜ በቃል የተነገረ ነበር። ያው ሰው ዛሬ አማኑኤል ወይም ብቸና ላይ በሞት አልጋ ሆኖ ያንኑ ቢናገር ኑዛዜው አይጸናም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው ለጥቂት ነገር ብቻ ነው፦ ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አስተዳደርና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ላልበለጡ ስጦታዎች። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከኖረም ቃሉ ይፈርሳል።

ይህ ለጎጃም ሰው ከባድ ነገር ነው። በባህሉ ኑዛዜ የሚነገረው ለንስሐ አባትና ለሽማግሌ ነው፤ የሚነገረውም አልጋ ከተያዘ በኋላ ነው። በጤና ቀን ስለ ሞት መጻፍ ሟርት ይመስላል። ስለዚህም ለተማረበት ቤት አንድ ነገር ማስቀረት የሚፈልግ ሰው ሐሳቡን ይዞ ይቀበራል። የተረፈው ሀብት ከፊሉ በተዝካር ያልቃል፣ ከፊሉ ወራሾችን ያጣላል። ሰው ለስሙ መታሰቢያ ማውጣቱ ክፉ አይደለም፤ የሞጣው መዝገብም የተጻፈው ለመታሰቢያ ነው። ልዩነቱ የአንድ ቀን ድግስና የመቶ ዓመት ወንበር መሆኑ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው ከሞጣው መዝገብ ብዙም አይርቅም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑ ተጽፎ ሁሉም ወዲያውኑ መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል መዝጋቢ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ተናዛዡ ብቻውን በእጁ የሚጽፈውም ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍና ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ማመልከት አለበት። በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ወይም መዝጋቢ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በጋብቻ የተፈራ ሀብት ከሆነ የሚናዘዙት የራስን ድርሻ ብቻ ነው። ልጆችን ከውርስ መንቀል አያስፈልግም፤ ከሀብቱ አሥረኛውን ወይም አንድ የባንክ ሒሳብን ለትምህርት ለይቶ መተው ይቻላል። ይኸው ሕግ ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ለዘለቄታው መመደብንም ያውቃል።

▪️ የሚሰጥ አለ፣ ማስቀመጫው የታል?

ሰጪው በሕጉ መሠረት ቢጽፍ እንኳ ጥያቄው አያልቅም። የብዙ ተመራቂ ትክክለኛ ሥጋት ይህ ነው፦ «ገንዘቤ ዩኒቨርሲቲው ካዝና ከገባ በኋላ ለመኪና ጎማና ለውሎ አበል እንዳይውል ምን ዋስትና አለኝ?» የሞጣው ሰው ዋስና እማኝ ያቆመው ይህን ስለፈራ ነው፤ ብራና የሰጠው ሊቅ ውግዘት ያጻፈው ይህን ስለፈራ ነው። የዛሬው ውግዘት የተለየ የባንክ ሒሳብ፣ ዋናውን መንካት የሚከለክል ደንብ፣ ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ውጭ ያሉ ተመራቂዎች የተቀመጡበት ቦርድና በየዓመቱ ለሕዝብ የሚወጣ የኦዲት ሪፖርት ነው። ይህን ያላዘጋጀ ዩኒቨርሲቲ ስጦታ ለመጠየቅ አፍ የለውም።

ሁለተኛው ጠላት የዋጋ ንረት ነው። ሪም መሬት ስለነበር ዋጋው ከዘመን ጋር አብሮ ይሄድ ነበር። በብር የተቀመጠ ገንዘብ እንዲህ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የዚያን ቀን በቁጠባ ሒሳብ ተቀምጦ የነበረ የነጻ ትምህርት ገንዘብ አቅሙ ምን ያህል እንደቀነሰ መገመት አይከብድም። ስለዚህ ቋሚ ስጦታ ቤት፣ አክሲዮን ወይም የመንግሥት ሰነድ ሆኖ መሥራት አለበት። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ዓ.ም. መከፈቱ ለዚህ አዲስ በር ነው፤ በሩን የሚያውቅ ባለሙያ ግን ያስፈልጋል።

ጊዜው ደግሞ ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲዎች የራስ ገዝነት አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል፤ ሌሎችም በተራቸው እንዲከተሉ ታስቧል። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ገቢ መፈለግ አለበት። ካላገኘ የሚያወጣው ከተማሪው ክፍያ ነው። የተማሪ ክፍያ ሲጨምር መጀመሪያ የሚቀረው ደግሞ የማቻክልና የእነማይ ገበሬ ልጅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ጦርነት ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ ብዙ ነው። ያ ልጅ ዘግይቶ፣ ደህይቶ፣ ምናልባትም አሳዳጊውን አጥቶ ነው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የሚደርሰው።

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ገና ጎልማሶች ናቸው። ከእነሱ በፊት በአዲስ አበባ፣ በዓለማያ፣ በጎንደርና በባሕር ዳር የተማሩት የምሥራቅ ጎጃም ልጆች ግን ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው፤ ቤት ሠርተዋል፣ ልጆቻቸውን ለቁም ነገር አብቅተዋል፣ ገሚሶቹ ባሕር ማዶ ናቸው። ነጻ ትምህርት የበላው ትውልድ ኑዛዜ የሚጽፍበት ዕድሜ አሁን ነው። ያ ትውልድ ሳይጽፍ ካለፈ ዕድሉ ሁለተኛ አይመጣም።

የድሮው መዝገብ ሰጪውን አክብሮ ያረሰውን ዜጋ ሳይጽፍ ቀረ። አዲሱ መዝገብ ያን ጉድለት ማረም ይችላል። የነጻ ትምህርት ገንዘብ ለሟች ስም ብቻ ሳይሆን ለማን እንደተሰጠ በግልጽ ይጻፍበት፦ አባቱ ገበሬ ለሆነ፣ እናቱ ብቻዋን ላሳደገችው፣ ከጦርነት ቀጠና ለመጣ ልጅ። ያኔ ስጦታው ቸርነት መሆኑ ይቀርና የቆየ ዕዳ መክፈያ ይሆናል።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። የሞጣ ሰዎች ቃሉን ሰምተው ጻፉ፤ ስማቸውም እስከ ዛሬ ይነበባል። የዘመኑ ተመራቂ ብዕርም ወረቀትም አለው፤ አራት ምስክርም አያጣም።